ለአዞ ሄደን አባ ኮዳ ይዘን ተመለስን

እቅዱን ያመጣው ባለቤቴ ነው። አንድ ማታ እራት ላይ ትንሹ ልጃችን ማሙሽ ካንጋሮ እንዴት እንደሚዘል ከወንበሩ እየተነሳ ያሳየናል። ባለቤቴ አየት አደረገውና "ጉሬዛስ ታውቃለህ?" አለው። አያውቅም። ታላቅ እህቱም አታውቅም፣ እሷ እንኳ 11 ዓመቷ ነው። የአውስትራሊያን እንስሳ በስልክ ጨርሰውታል፤ የሀገራቸውን ዋልያ ግን የሚያውቁት ከቢራ ጠርሙስ ላይ ነው። በዚያው ሳምንት ተወሰነ። የጥር መጨረሻ የሴሚስተር ዕረፍት ላይ አርባ ምንጭ እንሄዳለን። አዞ፣ ጉማሬ፣ የሜዳ አህያ፣ ከዚያ ወደ ላይ ወጥተን ዶርዜ።

እማዬን ትመጫለሽ ወይ አልኳት።

"አዞ ለማየት? እኔ ምን አጠፋሁ?" አለች።

ዶርዜም እንወጣለን ስላት ግን ዝም አለች። ትንሽ ቆይታ "ለስንት ቀን ነው?" ስትል እንደምትመጣ ገባኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እማዬ ከ40 ዓመት በላይ የኖረችው ሽሮ ሜዳ ነው፣ እኔም ያደግኩት እዚያው። ከግድግዳችን ማዶ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ነበሩ። ጠዋት የምነቃው በመወርወሪያው ድምፅ ነበር፤ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ክሩ ሲጠጋጋ ዱብ የሚል ነገር፣ እንደገና ጠቅ። እማዬ ፈትሉን ፈትላ በቀጭን ትሰጣቸዋለች፣ እነሱ ነጠላ አድርገው ይመልሱላታል። እኛ ልጆቹ "ዶርዜ" ማለት የሙያ ስም ይመስለን ነበር፣ ልክ እንደ አናጢ። አንድ ሰው የሚወለድበት አገር፣ ተራራ ያለው፣ ብርድ ያለው፣ እናት ያለችበት ቦታ መሆኑ ለብዙ ዓመት አልታሰበኝም። ይሄን ስጽፍ ራሱ አፍራለሁ።

ከአዲስ አበባ አርባ ምንጭ በቡታጅራ፣ በሆሳዕናና በሶዶ በኩል ወደ 450 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታ ላይ ቅርብ ይመስላል። ሁለት ልጅ፣ አንድ አያትና "ሽንቴ መጣ" ሲጨመርበት ግን ሙሉ ቀን ነው። ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስተን ማታ 12 ሊሆን ሲል ደረስን። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ሶዶ ላይ ያ ሁሉ ሥጋ ተሰቅሎ እማዬ በሽሮ፣ እኛም ከእሷ ላለመጣላት በሽሮ አለፍን። ሽሮው ላይ ግን ዳጣ መጣልን። አረንጓዴ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርቱና ከዝንጅብሉ ጋር ተፈጭቶ፣ መጀመሪያ ምንም የማይል፣ ከአምስት ሰከንድ በኋላ ጆሮ የሚያስጮህ። ማሙሽ ሰላጣ መስሎት በማንኪያ ዛቀው። ስለዚያ ብዙ አላወራም፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ጨርሷል።

ከሶዶ በኋላ መንገዱ ወደ ቆላ ይወርዳል። መስኮቱን ስትከፍቱ የሚገባው አየር ይቀየራል፣ ሙዝ መታየት ይጀምራል፣ ከሙዝ በኋላ ሌላ ሙዝ። አዲስ አበባ የምንበላው ሙዝ ብዙው ከዚህ ነው የሚመጣው። ከዚያ በግራ በኩል አባያ ብቅ አለ። ሰማያዊ ሐይቅ ስትጠብቁ ቀይ ቡኒ ነው። ትልቋ "ማኪያቶ!" ብላ ጮኸች፣ ከዚህ የተሻለ ገላጭ አላገኘሁለትም። ከጣና ቀጥሎ የሀገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው፣ ከ1,100 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ። ግን ጥልቀት የለውም። ወንዞቹ ከደጋው የሚያመጡት ቀይ አፈር እንዲሰክን ነፋሱ ጊዜ አይሰጠውም፣ ያማስለዋል። ጎረቤቱ ጫሞ ደግሞ ወደ ሰማያዊና ግራጫ ያደላል። ሁለቱን የሚለያቸው ተራራ ነው፣ የእግዜር ድልድይ ይባላል። ላይኛው ከተማ ሴቻ ጠርዝ ላይ ስትቆሙ ሁለቱም በአንዴ ይታያሉ፣ አንዱ ማኪያቶ፣ አንዱ ውሃ። ፀሐይ ስትጠልቅ እዚያ ቁሙ። በነፃ ነው።

ስለ ሆቴሉ በአጭሩ ልናገር። ስሙን አልጠራም። ኢንተርኔት ላይ ያለው ፎቶ ሐይቁን ያሳያል፣ የእኛ ክፍል የሚያሳየው ጄኔሬተሩን ነው። አጎበሩ ቀዳዳ ነበረው። አርባ ምንጭ ደግሞ የወባ አገር ናት፣ ቀልድ አይደለም። እማዬ ከቦርሳዋ መርፌና ክር አውጥታ በስልክ መብራት ሰፋችው። ልጅ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ የራሳችሁን አጎበር ያዙ፣ ማታ ማታ እጅጌ ያለው ልብስ አልብሷቸው።

ቅዳሜ ጠዋት ጫሞ ገባን። ጠዋት ይሻላል፣ ከሰዓት ነፋስ ስለሚነሳ ሐይቁ ይናወጣል፣ ጀልባዋ ደግሞ ትልቅ አይደለችም። ዋጋውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። የመንሳፈፊያ ጃኬትም ሳትሳፈሩ ጠይቁ። እኛ ስንጠይቅ ለአምስት ሰው ሦስት መጣ። "ለልጆቹ ካልመጣ አንሄድም" ብዬ ቆምኩ፣ ባለቤቴ ሰው ፊት ስጨቃጨቅ ስለማይወድ ሐይቁን እያደነቀ ዞር አለ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ ከሌላ ጀልባ ሁለት ተፈልጎ መጣ። አለ ማለት ነው! ካልተጠየቀ ግን አይወጣም።

አዞ ገበያ የሚባለው ቦታ ኩልፎ ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበት አካባቢ ነው። ገበያ የተባለው አዞዎቹ ፀሐይ ሊሞቁ ዳር ላይ ተደርድረው ስለሚውሉ ነው። ስትደርሱ መጀመሪያ ምንም አይታያችሁም። የወደቀ ግንድ ታያላችሁ። ከዚያ ግንዱ አፉን ይከፍታል።

አፉን የሚከፍተው ሊበላችሁ አይደለም፣ ሙቀቱን ለማውጣት ነው፤ እንደ ውሻ ማለክለክ በሉት። ይሄን ጀልባ ነጂው ሲያስረዳ ማሙሽ ግን አልሰማም። ዓይኑን ጨፍኖ ፊቱን እማዬ ጋቢ ውስጥ ቀብሯል። (አዎ፣ በዚያ ሙቀት ጋቢ። "ሐይቅ ላይ ነፋስ አለ" ብላ ነው።) ትልቋ ደብተሯን አውጥታ ትቆጥራለች፣ 14፣ 15፣ ያኛው ግንድ ነው፣ አይ አይደለም፣ 16። አንዱ ከጀልባችን ይረዝማል። የጫሞ አዞዎች በትልቅነታቸው የታወቁ ናቸው፣ አምስት ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሆኑ አሉ። ያኛው ግንድ ቀስ ብሎ ተነሳ፣ ሆዱን እየጎተተ ወደ ውሃው ወረደ፣ ከዚያ የለም። እኔን ያስፈራኝ ሲታይ አይደለም። ሲጠፋ ነው።

ነጂያችን ደስ ሊያሰኘን ፈልጎ ጠጋ፣ ጠጋ አደረገን። በቃ አልኩት። "እህቴ አይነኩም፣ ለምደውናል" አለኝ። ለምደውናል የሚባል አዞ የለም። ጉማሬዎቹ ጋ ስንደርስ ግን ራሱ ሞተሩን ቀንሶ ሩቅ ቆመ፤ ከአዞው ይልቅ ጉማሬን እንደሚፈራ ሳንጠይቀው ነገረን። ጀልባ ይገለብጣል። ውሃው ላይ የሚታየው ጆሮና አፍንጫ ብቻ ነው፣ ፉፍ ይላል፣ ይሰምጣል፣ አምስት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሌላ ቦታ ፉፍ ይላል። ቀን ውሃ ውስጥ የሚውለው ቆዳው ፀሐይ ስለማይችል ነው። ማታ ወጥቶ ሳር ይግጣል፣ በአንድ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ድረስ። ማሙሽ በዚህ ጊዜ አንድ ዓይኑን ከጋቢው አወጣ። ሳር የሚበላ ከሆነ ችግር የለውም ብሎ ይመስለኛል። ጀልባ ይገለብጣል የሚለውን አልሰማም፣ እኔም አልደገምኩለትም።

ከመንገዱ ሁሉ ያልረሳሁት ግን ዓሣ አጥማጆቹ ናቸው። ከቀላል እንጨት በታሰረች ታንኳ፣ ታንኳም ማለት ይከብዳል፣ ውሃው እግራቸውን እየነካው ተቀምጠው ይቀዝፋሉ። እኛ 16 አዞ የቆጠርንበት ሐይቅ ላይ። አንዱ እጁን አንስቶ ሰላም አለን። እማዬ አማተበችለት።

ስንመለስ ማረፊያው ዳር ዓሣ እየተገፈፈ ነበር። አምባዛ፣ ቆሮሶ፣ ትልልቅ ነጭ ዓሣ። እና አባ ኮዳ።

አባ ኮዳን ያላያችሁ፣ ወፍ ነው፣ ቁመቱ የማሙሽን ያህላል። ራሱ መላጣ፣ አንገቱ መላጣ፣ ከአንገቱ ሥር ኮዳ የመሰለ ከረጢት የተንጠለጠለበት፣ ክንፉ ጥቁር ካፖርት፣ እግሩ ቀጭን። 20 ያህል ሆነው ቆመዋል። አይጮሁም፣ አይንጫጩም፣ ቆመዋል። ዓሣ ገፋፊው የሆድ ዕቃውን ሲወረውር ብቻ ያ ሁሉ ጨዋነት ይጠፋል፣ ካፖርቱ ይከፈታል፣ ግፊያ ነው። ከዚያ ተመልሰው ልክ ምንም እንዳልተፈጠረ ይቆማሉ። እማዬ "ልክ ያልተጠራ ሰርገኛ" አለች። ማሙሽ ሳቀ። ጠዋት ሙሉ ጋቢ ውስጥ የነበረ ልጅ ለአንድ ሰዓት ያህል ከዚያ አልነቃነቅም አለ። አንዱን መርጦ "ያ ሽማግሌው" እያለ ይከታተለዋል፣ አገኘ፣ አላገኘም፣ ተቀማ። እኛ ለጀልባ ከፍለን ያላገኘነውን ልጁ በነፃ አገኘው። ባለቤቴ ቀጣዩ ፕሮግራም አለፈን እያለ ሰዓቱን ያያል። እኔ ደግሞ እዚያው ቁጭ ብዬ ፕሮግራም የሚባለውን ነገር መሰረዝ ጀመርኩ። ኮንሶን የሰረዝኩት እዚያ ድንጋይ ላይ ነው። የኮንሶ እርከን ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበ ነው፣ ማየት እፈልጋለሁ፣ ግን ልጅ ይዞ በአራት ቀን ሁሉን እናዳርስ ማለት መኪና ውስጥ መጣላት ነው።

ለምሳ ታችኛው ከተማ ሲቀላ ወርደን የዓሣ ጥብስ በላን፣ ሙሉ ቆሮሶ፣ ተተልትሎ የተጠበሰ፣ ዳጣው በጎን። ማሙሽ ዳጣውን በጣቱ ወደ አባቱ ገፋው። ከሰዓት የአዞ እርባታ ጣቢያውን አየን። እንቁላሉ ከጫሞ ዳር ተሰብስቦ ይመጣል፣ ይፈለፈላል፣ ያድጋል፣ በኋላ ቆዳው ይሸጣል። ልጆቼ የመጨረሻዋን ነገር ሲሰሙ ፊታቸው ተቀየረ፣ እኔም የተዘጋጀ መልስ አልነበረኝም። ትልቋን የመሰጣት ግን ሌላ ነው። አዞ ወንድ ወይ ሴት የሚሆነው እንቁላሉ የተቀበረበት አሸዋ ሙቀት ነው የሚወስነው። ከ31 ዲግሪ ዝቅ ሲል ሴት፣ ጥቂት ከፍ ሲል ወንድ። ማታ አልጋ ውስጥ ሆና "ማሙሽ ትንሽ ቢቀዘቅዝ ኖሮ እህት ይኖረኝ ነበር" ስትል ሰማኋት።

እሁድ ነጭ ሳር ገባን። ፓርኩ የተመሠረተው በ1966 ዓ.ም. ነው፣ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ስሙ ከሜዳው ላይ ካለው ነጭ ሣር የመጣ። መጀመሪያ ግን ጫካውን ታልፋላችሁ፣ ከተማዋም ስሟን ያገኘችው ከዚያ ነው። ከተራራው ሥር ምንጮቹ ይፈልቃሉ፣ ከተማው የሚጠጣውም ከዚህ ነው፣ ከላይ ትልልቅ ሾላ ፀሐዩን ዘግተውታል። ትልቋ አርባ መሆናቸውን ላረጋግጥ ብላ 9 ላይ ደክሟት ተወችው። "አርባ" ማለት ብዙ ማለት ነው አልናት። አላመነችንም።

ጉሬዛውን ያገኘነው እዚያ ነው። አስጎብኚያችን ቀና በሉ አለ። ቀና አልን፣ ቅጠል ነው። አሁንም ቀና በሉ። ከዚያ ነጭ ጅራት እንደ ጭራ ተንጠልጥሎ አየን፣ ከጅራቱ በላይ ጥቁርና ነጭ ካባ የለበሰ ጉሬዛ ቁጭ ብሎ ያየናል። ለካ ለረጅም ጊዜ እያየን ነበር። ሦስት ሆኑ፣ አምስት ሆኑ። አንዷ ልጅ አቅፋለች፣ ልጁ ሙሉ ነጭ ነው፤ ጉሬዛ ሲወለድ ነጭ ነው፣ ጥቁሩ በኋላ ይመጣል። ባለቤቴ ማሙሽን ትከሻው ላይ አድርጎ "ይሄ ነው ጉሬዛ" አለው፣ እራት ላይ የጀመረውን ወሬ እንደመጨረስ።

ሜዳው ጋ ለመድረስ ያለው መንገድ መንገድ ከተባለ ድንጋይ ሁሉ መንገድ ነው። ከፍ ያለ መኪና ከሌላችሁ አትሞክሩት። እማዬ ሆቴል ቀርታ ነበር፣ እግዜር ይስጣት። ከዚያ የእግዜር ድልድይን ወጥታችሁ ስትወርዱ ድንገት ይከፈታል፣ ነጭ ሣር፣ ሣር፣ ሣር፣ መሃሉ ላይ የሜዳ አህያ። ስንት እንደሆኑ ትልቋ ደብተሯ ላይ "በጣም ብዙ" ብላ ጽፋለች። የሜዳ ፍየል አየን፣ እንሹ የምትባለው ትንሽዬ ሚዳቋ መሰል እንስሳም ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ብልጭ ስትል አየን፤ ጥንቸል ናት ብዬ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። ከብትም አየን። ብዙ ከብት። ፓርኩ ውስጥና ዙሪያው አርብቶ አደሮች አሉ፣ ሣሩን የሜዳ አህያውም ከብቱም ይፈልገዋል፣ ይሄ የኖረ ጉዳይ ነው፣ ከመኪና መስኮት ፍርድ መስጠት ደግሞ ቀላል ስለሆነ አልሞክረውም።

አንድ ወሬ ግን አስጎብኚው ነገረን፣ እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። በ1990 እ.ኤ.አ. ተመራማሪዎች እዚህ ሜዳ መጥተው ነበር፣ መንገድ ላይ መኪና የገጫት የሞተች ወፍ አገኙ። ከወፏ የወሰዱት አንድ ክንፍ ነው። ያንን ክንፍ ይዘው ሄደው ከታወቀ ወፍ ሁሉ ጋር ቢያስተያዩት ከማንም ጋር አልገጠመም። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1995፣ አዲስ ዝርያ ተብላ በሳይንስ ተመዘገበች፣ በአንድ ክንፍ ብቻ! የሳይንስ ስሟ "ሶላላ" ነው፣ በላቲን ብቸኛ ክንፍ ከሚለው የመጣ። በአማርኛ የሌሊት ወፍ እንዳንላት ያኛዋ ሌላ ናት፣ ብቻ ሌሊት የምትበርና ቀን መሬት ላይ አፈር መስላ የምትተኛ ወፍ ናት። ትልቋ ከዚያ በኋላ መመለሻውን ሁሉ መንገዱን እያየች ነው የመጣችው። ሁለት ጊዜ መኪና አስቁማናለች። አንዱ ቅጠል ነበር፣ አንዱ የጫማ ሶል።

ሰኞ ዶርዜ። ሆን ብለን ነው ሰኞ ያደረግነው፣ የገበያ ቀን ነው።

ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ ትንሽ ተመልሳችሁ በግራ ትታጠፋላችሁ፣ ከዚያ መውጣት ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ነው የምትወጡት። ከታች ሙዝ፣ ከላይ እንሰትና ቀርከሃ፣ ከታች በቲሸርት፣ ከላይ በሹራብ። እማዬ ጋቢዋን እየነካካች ዝም ብላ አየችን፣ ምንም አልተናገረችም፣ መናገርም አያስፈልጋትም ነበር። ጠምዘዝ በሚለው መንገድ ላይ ልጆች መኪና ፊት እየወጡ ይጨፍራሉ፣ ይገለባበጣሉ፣ ብር ለማግኘት። አስጎብኚው ከመስኮት ብር እንዳንወረውር ለመነን፣ መንገዱ ገደል ነው፣ ትምህርት ቤትም ይቀራሉ። ማሙሽ "ለምን አንሰጣቸውም፣ ጎበዝ ናቸው እኮ" ብሎ አኮረፈ። ጎበዝ ናቸው፣ ልክ ነው።

ቤቶቹን በፎቶ አይታችኋል። ዝሆን ይመስላሉ። ፊት ለፊት የወጣው መግቢያ ኩምቢ፣ ከላይ ያሉት ሁለት ቀዳዳዎች ዓይን። ድሮ አካባቢው ዝሆን ነበረበት፣ ከዚያ ነው የወሰድነው ይላሉ። ከተሰነጠቀ ቀርከሃ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይጠለፋል፣ ሲሠራ እስከ 12 ሜትር ይደርሳል። እና ያጥራል! ምስጥ ከሥሩ እየበላው፣ የበሰበሰው እየተቆረጠ፣ ቤቱ በየዓመቱ ዝቅ ይላል። ቁመቱን አይቶ ዕድሜውን መገመት ይቻላል። ከፈለጉ ደግሞ ሰው ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል። ባለቤቴ ይሄን ሲሰማ የኮንዶሚኒየም ዕጣችንን አስታወሰኝ።

አንዲት እናት ቆጮ እንዴት እንደሚሠራ አሳዩን። የእንሰቱን ግንድ እንጨት ላይ አስደግፈው በተሳለ ቀርከሃ ይፍቃሉ፣ ፍቄው በቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ለወራት ይቀመጣል፣ ከዚያ ይጋገራል። እንሰት ለመድረስ ዓመታት ይፈጃል፣ ድርቅ ግን ይችላል፤ በሀገራችን ወደ 20 ሚሊዮን ሰው ይመገበዋል ይባላል። ትኩስ ቆጮ ከማርና ከዳጣ ጋር ቀረበ። ማሙሽ ማሩን አወቀው፣ ዳጣውንም አወቀው። ለትልልቆቹ አረቄ ተቀዳ፣ "ዮ ዮ!" ተባለ፣ እማዬ አንዴ ቀምሳ ሳል ያዛት፣ ሁለተኛውን ግን አልመለሰችም።

ከዚያ ወደ ሽመናው ሄድን። ድንጉዛው ተሰቅሏል፣ ቀይ፣ ቢጫ፣ ጥቁር፣ የጋሞ ልብስ። አንድ ወጣት እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይሸምናል። ጠቅ። ጠቅ። ዱብ። እኔ እዚያ በር ላይ ቆሜ ስምንት ዓመቴ ሆነ። ምንም ማድረግ አልቻልኩም፣ ልጆቹ እንዳያዩኝ ወደ ውጭ ዞርኩ።

ስመለስ እማዬ የለችም። ከቤቱ ጎን መሬት ላይ ቁጭ ብላለች፣ አጠገቧ እሷን የሚያክሉ ሴት ይፈትላሉ። አማርኛ ብዙ አይችሉም፣ እማዬ ጋሞኛ ከሸማኔዎቹ የለቀመቻቸው ሁለት ሦስት ቃላት አሏት፣ ግማሾቹ ስድብ ናቸው ብዬ እፈራለሁ። ሴትዮዋ እንዝርታቸውን ሰጧት። እማዬ ባዘቶውን በጣቷ አየችው፣ ራሷን ነቀነቀች፣ ጭኗ ላይ አሾረችውና መሳብ ጀመረች። ሴትዮዋ ክሩን በሁለት ጣታቸው ያዝ አድርገው አዩት። የሆነ ነገር አሉ። አስጎብኚው ሳቀ። ምን አሉ ስንለው "ወፍራም ነው አሉ" አለን።

እማዬ! ሰፈር ውስጥ በፈትል ስሟ የሚነሳ ሴት! ተናደደች፣ እንደገና ሳበች፣ ቀጠነ። ሴትዮዋ አሁንም አዩትና ወደ አስጎብኚው ሳይሆን ወደ እሷ ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ። ከዚያ ሁለቱም እየፈተሉ ቀሩ። አንድ ሰዓት ተኩል። ገበያውን እኛ ብቻችንን ዞርን፣ ቅቤ፣ ጥጥ፣ ሸክላ፣ ቆጮ በቅጠል፣ ሰው በሰው።

ስንወርድ አስጎብኚው አንድ የተንጣለለ ሣር ያለበት ቦታ አሳየን፤ ዱቡሻ ይባላል፣ ሽማግሌዎች ነገር የሚያዩበት። ጋሞ አገር ሽማግሌ እርጥብ ሣር ይዞ ፊትህ ከተንበረከከ አልፈኸው አትሄድም። መስከረም 2011 ዓ.ም. ላይ፣ ያኔ በቡራዩ በደረሰው ጥቃት የተቆጡ ወጣቶች አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል ሲነሱ፣ አባቶች ሣር ይዘው መንገድ ላይ ተንበርክከው ያስቆሟቸው እንዲህ ነው። ቪዲዮውን ያኔ ሁላችንም አይተነዋል። ትልቋ ያኔ ሕፃን ነበረች፣ ስለዚህ መኪና ውስጥ ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። "እና ቆሙ?" አለችኝ። ቆሙ አልኳት። "ሣር ብቻ ይዘው?" ሣር ብቻ።

ከተመለስን በኋላ ባለፈው እሁድ እማዬ ጋ ሄድን። ከግድግዳው ማዶ ካሉት ሸማኔዎች አንድ ሽማግሌ አሁንም አሉ፣ ጋሼ እንላቸዋለን፣ ዓይናቸው ስለደከመ አሁን ልጃቸው ነው የሚሸምነው። ስልኬን ይዤ ሄድኩ፣ የዝሆን ቤቶቹን፣ ገበያውን፣ ድንጉዛውን አሳየኋቸው። ስልኩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው አዩ። ስለ ቤቶቹ ምንም አላሉም። ከጀርባ ያለውን እንሰት በጣታቸው እየነኩ "ይሄ ደህና ይዟል፣ ዘንድሮ ዝናብ ነበረ ማለት ነው" አሉ። ከዚያ ጥጥ በስንት እንደሚሸጥ ጠየቁኝ። አላየሁም ነበር። እማዬ ግን ታውቃለች፣ ከውስጥ ሆና ዋጋውን ጮክ ብላ ተናገረች።

ማሙሽ ተራውን ጠብቆ የራሱን ፎቶ አመጣላቸው፣ ሽማግሌው አባ ኮዳ፣ በጎን የተነሳ፣ ኮዳው ተንጠልጥሎ። ጋሼ ለረጅም ጊዜ አዩት።

"ይሄን ለማየት ነው አርባ ምንጭ ድረስ የሄድከው?" አሉት። "ሐዋሳ አሞራ ገደል ሞልቶ የለ እንዴ?"

ማሙሽ ወደ እኔ ዞረ። ሐዋሳ መቼ ነው የምንሄደው ብሎ ከዚያ ቀን ጀምሮ እረፍት አልሰጠንም።